በረዶ የነካው ብልቃጥ

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ ለክትባት ሠራተኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ተቀመጥኩ። አሠልጣኙ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ሐኪም ነበር። ሰሌዳው ላይ በየአቅጣጫው ክንድ የዘረጋ አንድ ሕዋስ ሣለና፣ «ይህ ሕዋስ ክትባቱን አግኝቶ ካልዋጠው፣ ውጦም ቆራርጦ ለሌሎቹ ካላሳየ፣ የቀረው የሰውነት መከላከያ ባዕድ ነገር መምጣቱን እንኳ አያውቅም» አለን። አሁን በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች የሚደክሙበትንም ነገረን። ሕዋሱ ከክትባቱ አብዝቶ እንዲወስድ፣ የወሰደውንም ደህና አድርጎ እንዲያሳይ ለማድረግ ነው። አንዳንዶቹ ክትባቱን ሕዋሱ ቶሎ በሚውጠው ስብ ይጠቀልሉታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ከሕዋሱ ጋር የሚጣበቅ ምልክት ይለጥፉበታል።

አጠገቤ የነበሩት ልጆች በስልካቸው ሰሌዳውን ፎቶ ያነሣሉ። እኔ እጄን አጣጥፌ ማሰብ ጀመርኩ። ይህን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን አይደለም። በደርግ ጊዜ፣ መርካቶ ውስጥ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ያ ሕዋስ ክትባቱን ሳያገኘው ሲቀር ምን እንደሚመጣም በዓይኔ አይቻለሁ። ቤቴ ከተቀመጥኩ ወዲህ ያ ጊዜ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ስለዚህ ልጽፈው ተነሣሁ።

ስሜ ትርንጎ ነው። ጤና ረዳትነት ተምሬ የወጣሁት ገና ልጅ ሆኜ ነበር። መጀመሪያ የተመደብኩት ጎጃም ውስጥ፣ መኪና በበጋ ብቻ የሚደርስበት አንድ ክሊኒክ ነው። እዚያ አለቃም፣ አስታማሚም፣ ጽዳትም እኔው ነበርኩ ማለት ይቻላል። ቁስል ማጠብና የወባ ኪኒን ማደል እዚያ ተማርኩ። ክትባት የሚባለውን በወጉ ያወቅሁት ግን አዲስ አበባ ተዛውሬ፣ አዲስ ከተማ ውስጥ ካለ ጤና ጣቢያ ስገባ ነው። ዝውውሩ ደመወዜ ላይ ምንም አልጨመረልኝም፤ የጨመረልኝ ጫጫታ ብቻ ነው። በአንድ ወገን የአውቶቡስ ተራ ጥሩምባ፣ በሌላ ወገን የምናለሽ ተራ መዶሻ፣ ከመስኮታችን ሥር ደግሞ «ዞር በሉ!» እያሉ የሚያልፉ ጋሪ ገፊዎች ነበሩ። መጀመሪያ ሰሞን ማታ ቤቴ ገብቼ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ ቆርቆሮ ይቀጠቀጥ ነበር።

የክትባት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ መርዕድ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋዋናቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ ንጽሕናው ግን የሚያስቀና ነርስ ነበሩ። በዚያ ጊዜ መርፌ አንዴ ተወግቶበት አይጣልም፤ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ይሳላል። ጋሽ መርዕድ ጠዋት ላምባ ምድጃው ላይ ድስቱን ጥደው፣ እያንዳንዱን መርፌ በጥጥ ላይ ሳብ ያደርጉታል። ጫፉ የጥጡን ክር ከያዘ ተንጋዷል ማለት ነው። ያኔ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በትንሽ ድንጋይ ላይ ይስሉታል።

«ጥጡን ከያዘ የልጁንም ሥጋ ይይዛል» ይሉኛል። «እኛ ቸኩለን ነው እንጂ ልጁ መቼ ቸኮለ?»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ስሙን ሳይጠይቁ አንድም ሕፃን አይነኩም። ወረፋው እስከ አስፋልቱ ተዘርግቶ እንኳ «ማን ይባላል?» ይላሉ። እናትየዋ ስትመልስ ስሙን ለልጁ መልሰው ይጠሩታል፤ ከዚያ ነው የሚወጉት። አንድ ቀን ለምን ጊዜ እንደሚፈጁ ጠየቅኋቸው።

«የማስለቅሰውን ሰው አለማወቅ ደስ አይለኝም» አሉኝ።

መርፌ አያያዝ ያስተማሩኝ በብርቱካን ነው። ከአትክልት ተራ ገዝተው ያመጡና ውሃ በመርፌ ስበን ልጣጩ ውስጥ እንድጨምር ያደርጉኛል። የሳንባ ነቀርሳ ክትባት የሚሰጠው ቆዳው ውስጥ ነው፤ ከቆዳው ሥር አይደለም። በትክክል ሲገባ እንደ ልጣጩ ነጥብ ነጥብ ያለበት ትንሽ ነጭ እብጠት ይወጣል። ካልወጣ ጠልቋል። እኔ ደጋግሜ አጠለቅሁት። ያጠለቅሁበትን ብርቱካን ጋሽ መርዕድ ልጠው ይበሉታል፤ «ውሃ ብቻ ነው፣ አይገድለኝም» እያሉ።

ለምን ቆዳ ውስጥ እንደሚወጋ ስጠይቃቸው፣ «ይህን ዶክተርን ጠይቂ፤ እሱ ከኔ ይሻላል» አሉኝ።

ዶክተር ሰሎሞን የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት ተምረው በቅርቡ የተመለሱ፣ ዝምታ የሚያበዙ ወጣት ሐኪም ናቸው። ጥያቄዬን ሰምተው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ጎጃም በረንዳ በርበሬ ሲራገፍ አይተሻል?» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

«ደላላው ምን ያደርጋል?»

«ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ በየሱቁ እየዞረ ያሳያል።»

«ነጋዴዎቹ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ደላላው እፍኟን ካላመጣላቸው ጭነት መግባቱን አያውቁም። ሰውነታችን ውስጥም እንዲህ የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። የገባውን ባዕድ ነገር ይውጡትና ይቆራርጡታል፤ ከዚያ በብብትና በብሽሽት ንፍፊት ወደሚያብጥበት ቦታ ወስደው ያሳዩታል። ቆዳ እንዲህ ባሉ ሕዋሳት የተሞላ ነው። ለዚያ ነው ቆዳው ውስጥ የምንወጋው።»

«የመንጋጋ ቆልፉ ክትባትስ? እሱን ጡንቻ ላይ ነው የምንወጋው።»

ዶክተር ሰሎሞን ከጠረጴዛው ላይ ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ያረፈበት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ብልቃጥ አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያዙት። «ጡንቻ ውስጥ ደላሎቹ ብዙ አይደሉም፤ መጠራት አለባቸው። ይህ ነጩ ነገር የሚጨመረው ለዚያ ነው። ክትባቱን አጣብቆ ይይዘዋል፤ ገብቶ የተቀመጠበትን ቦታ ደግሞ ትንሽ ያስቆጣዋል። ያኔ ሕዋሳቱ ይመጣሉ፤ ሲመጡም ለመዋጥ የሚመች ቅንጣት ያገኛሉ። ነጩን ብታወጪው ክትባቱ ሳይታይ ሟሙቶ ይሄዳል።»

ጋሽ መርዕድ ከወዲያ ሆነው፣ «እኔ ነጩን የማውቀው ሳይናጥ እንደማይወጋ ነው» አሉ። እውነትም እሳቸው ሳይንጡና ወደ መስኮቱ አንሥተው ሳያዩ አንድም ብልቃጥ አይከፍቱም ነበር።

በዚያው ዓመት ቀበሌው ነፍሰ ጡር ሴቶችን ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቀስቀስ ጀመረ። ነገሩ ሠፈሩን የሚመለከት ነበር። ምናለሽ ተራና አካባቢው መሬቱ ራሱ ብረት ነው፤ የዛገ በርሜል፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ምስማር። ሴቶቹ አብዛኞቹ ቤታቸው ይወልዳሉ፤ እትብቱ የሚቆረጠው በተገኘው ምላጭ ነው። መንጋጋ ቆልፍ የያዘው አራስ ልጅ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። እናትየዋ ክትባቱን በእርግዝናዋ በወጉ ከወሰደች ግን መከላከያው ለልጇ ይተላለፋል፤ ልጁ ተጠብቆ ይወለዳል።

ከመጡት መካከል ዘሃራ አንዷ ናት። ከወሎ የመጣች ወጣት ናት። ባሏ ሰይድ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ እየቀጠቀጠ ይሸጣል። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር። ክንዷን ስታወጣ አጠገቧ ያለችው ሴት ፊቷን ስታዞር አይታ ሳቀች።

«ሰይድን ቀኑን ሙሉ ብረት እየቦጨቀው ዝም ይላል» አለችኝ። «እኔ ለዚች መርፌ ልጮህ ነው?»

የወጋኋት እኔ ነኝ። ጊዜዋን ጠብቃ ለሁለተኛውም መጣች። ከወለደች በኋላ ሰይድ ከነሽርጡ ሮጦ መጥቶ፣ «ወንድ ነው፤ ለሲስተር ንገር ብላኛለች» ብሎን ተመለሰ። እኔ ሲስተር አልነበርኩም፤ ሠፈሩ ግን ነጭ የለበሰችውን ሁሉ ሲስተር ይል ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ዘሃራ ራሷ መጣች። አራስ ናት፤ ልጁን በነጠላ ጠቅልላ በደረቷ ይዛዋለች።

«ጡት እምቢ አለኝ» አለች። «ትናንት ይጠባ ነበር። ዛሬ አፉን አልከፍት አለ።»

ጋሽ መርዕድ ልጁን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። ስሙን ጠየቁ። «ኑርዬ» አለች። «ኑርዬ» አሉ፣ በጣታቸው ከንፈሩን እየነኩ። መንጋጋው ተቆልፏል። ነጠላውን ሲገልጡ ትንሹ ገላ እንደ ጣውላ ቀጥ አለ። ጋሽ መርዕድ ቀና ብለው ዶክተር ሰሎሞንን ጠሩ። ታክሲ ተፈልጎ እኔና ዘሃራ ሆስፒታል ወሰድነው። የሚቻለውን ሁሉ አደረጉለት። አልተረፈም።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ዘሃራ እንደ ተራ ነገር፣ ያለ ቁጣ፣ «ሁለት ጊዜ ወግታችሁኝ አልነበር?» አለችኝ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ከባድ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ጥያቄ የከበደኝ ግን የለም።

በማግሥቱ ዶክተር ሰሎሞን ቢሯቸው ሰበሰቡን። «አልፎ አልፎ ክትባቱ የማይይዝለት ሰው ይኖራል» አሉ።

«ይኖራል» አሉ ጋሽ መርዕድ። «ግን እሷ ወጣት ናት፣ ጤነኛ ናት፣ ሁለቱንም በጊዜው ወስዳለች። እኔ ክትባቱን ነው የምጠረጥረው።»

«ሙቀት ነክቶት ይሆን?» አሉ ዶክተሩ።

ይህን ጊዜ የመድኃኒት ክፍል ጠባቂው ጋሽ ደምሴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ለዚያ ፍሪጅ እንደ ልጅ የሚሳሱ ሰው ነበሩ፤ ማንም እንዲከፍተው አይፈቅዱም። «ሙቀት በጭራሽ» አሉ። «መብራት ሲጠፋ ሲመጣ አይታችሁ የለም እንዴ? ክረምቱን ሙሉ ሁሉንም ብልቃጥ ላይኛው በረዶ ቤት ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። ለኩፍኙም፣ ለፖሊዮውም፣ ለሁሉም እኩል ነው የተጠነቀቅሁት። እንኳን ሊሞቅ፣ በረዶ ሠርቶ ነው የማገኘው።»

ዶክተር ሰሎሞን ፊታቸው ተለዋወጠ። «የመንጋጋ ቆልፉም በረዶ ሠርቶ ነበር?»

«አዎ። ሲፈለግ አውጥቼ አቀልጠዋለሁ።»

ዶክተሩ ቀስ ብለው አስረዱን። ኩፍኝና ፖሊዮ በረዶ አይጎዳቸውም። ያ ነጭ ዝቃጭ ያለበት ግን በረዶ ከሠራ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ይጓጉላሉ፤ ክትባቱንም ይለቁታል። በኋላ ቢቀልጥም፣ ቢናጥም፣ እንደ ቀድሞው አይሆንም። «እንዲህ የሚል ነገር አንብቤያለሁ» አሉ። «በዓይኔ ግን አላየሁም።»

«እንግዲያው እንየው» አሉ ጋሽ መርዕድ።

በዚያ ሰሞን ከመጣው አዲስ ዕቃ ላይ፣ ገና በረዶ ቤት ካልገባው፣ አንድ ብልቃጥ ሆን ብለን አስገብተን በረዶ አደረግነው። በማግሥቱ አቀለጥነው። ከዚያ ጋሽ መርዕድ ሦስት ብልቃጥ አሰለፉ፤ አንዱ በረዶ ያልነካው፣ አንዱ እኛ በረዶ ያደረግነው፣ አንዱ ለዘሃራ ከሰጠነው ዓይነት የቀረ። ሦስቱንም በአንድ እጅ ይዘው ናጧቸው። ሦስቱም ወተት መሰሉ። ሳይሰበሩ፣ ሳይከፈቱ፣ መስኮቱ ላይ አቆሟቸውና ጠበቅን። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ያልነካው እንደ ወተት ደፍርሶ ቆሟል። እኛ በረዶ ያደረግነው ከላይ ጥርት ያለ ውሃ፣ ከታች ነጭ ዝቃጭ ሆኗል። የዘሃራውም እንደዚያው ነበር።

ጋሽ መርዕድ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክትባት ሲንጡ ኖረዋል፤ ንጦ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ግን ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ጋሽ ደምሴ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው መሐል ከተቱ።

ዶክተር ሰሎሞን ለበላይ አካል ሪፖርት አደረጉ። የሠፈሩ ነገር ግን በቀበሌው በኩል ማለፍ ነበረበት። የቀበሌው ሊቀመንበር ቢሮ ጠራን፤ ዶክተሩን፣ ጋሽ መርዕድን፣ ጋሽ ደምሴንና እኔን።

«የተከተቡት ሴቶች ቁጥር በላያችን ላለው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ተላልፏል» አለ ሊቀመንበሩ። «አሁን ውሃ ነው የወጋናችሁ ልንል ነው? ማነው ያበላሸው? ይሄ አሻጥር ነው።»

በዚያ ዘመን ያ ቃል ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ደምሴ ሊነሡ ሲሉ ጋሽ መርዕድ ጉልበታቸውን ይዘው አስቀመጧቸው።

«በረዶ ነው ያበላሸው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ። «ሁላችንም ከሙቀት እንድንጠብቅ ተነግሮን ነበር፤ ከብርድ ጠብቁ ያለን የለም። ያልተማርነውን ነው ያጠፋነው።»

«የሚጠየቅ ሰው ካስፈለገ የጤና ጣቢያው ኃላፊ እኔ ነኝ» አሉ ዶክተር ሰሎሞን። «የእኔን ስም ጻፉ።»

ሊቀመንበሩ ለጥቂት ጊዜ ብዕሩን አገላበጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። «ድጋሚ ቢወጉ ይጎዳቸዋል?» አለ።

«አይጎዳቸውም» አሉት ዶክተሩ።

«እንግዲያው ተጨማሪ ክትባት መጥቷል በሏቸውና ጨርሱ። ሌላ ወሬ ምን ያስፈልጋል?»

ቀላሉ መንገድ እሱ ነበር። እኔ በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን የዘሃራ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

«አይመጡም» አልኩ። «ሁለቴ ተወግታ ጨርሻለሁ የምትል ሴት ለተጨማሪ ብላ ሥራዋን ጥላ አትመጣም። ልጅ ቢሞትባት ደግሞ እንደገና አታምነንም። የሆነውን እንንገራቸው። መጀመሪያ ግን ለዘሃራ ልንገራት፤ ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለባትም።»

ሊቀመንበሩ ዶክተሩን አያቸው። «በእርስዎ ኃላፊነት ከሆነ» አለ።

«በእኔ ኃላፊነት» አሉ ዶክተር ሰሎሞን።

ዘሃራ ቤት የሄድነው እኔና ጋሽ መርዕድ ነን። ጋሽ ደምሴ አልቀርም ብለው ተከተሉን። ቤቱ ከምናለሽ ተራ ጀርባ፣ ከሰይድ መቀጥቀጫ ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ናት። ሰይድ ሲያየን መዶሻውን አቆመ። ዘሃራ ጥቁር ሻሽ አስራ ከውስጥ ወጣች። ጋሽ መርዕድ ሳያድበሰብሱ ነገሯት። ክትባቱ በረዶ እንደነካው፣ በረዶ ከነካው እንደማይሠራ፣ ይህንንም የደረስንበት ልጇ ካለፈ በኋላ መሆኑን።

ጋሽ ደምሴ ወደ ፊት ወጡ። «በረዶ ውስጥ የከተተው የኔ እጅ ነው» አሉ። «ከሙቀት ላድነው ብዬ ነው ልጄ። የምለው ሌላ የለኝም።»

ሰይድ መዶሻውን እንደያዘ ከተቀመጠበት ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ጋሽ ደምሴ አልሸሹም፤ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ሰይድ እንደዚያ ሆኖ ለጥቂት ጊዜ አያቸው። ከዚያ መዶሻውን በርሜሉ ላይ አስቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዘሃራ እያለቀሰች ነበር፤ ድምፅ ግን አላሰማችም። ቆይታ ቆይታ፣ «ከኔ ጋር የተወጉትስ?» አለች።

«የእነሱም ያው ነው» አልኳት።

«ያውቃሉ?»

«ገና ነው። መጀመሪያ የነገርነው ለአንቺ ነው።»

እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ጀሚላ ወሯ ገብቷል» አለች። «ዛሬ ነገ ልትወልድ ነው። ተነሡ፤ ምን ትጠብቃላችሁ?»

እንዲህ አድርጋ ነው ያስነሣችን። አራስነቷ እንኳ አላለቀም ነበር። በዚያ ጠባብ መተላለፊያ፣ በተደረደረው በርሜልና ቆርቆሮ መሐል፣ ከቤት ቤት እየገባች፣ «ልቅሶ የደረሳችሁኝ እኔ ነኝ። የወሰድነው መርፌ በረዶ ነክቶት ኖሮ አልሠራም። ደህናው መጥቷል፤ ውጡ» ትላቸዋለች። ሴቶቹ እኛን ቢሆን ይከራከሩን ነበር። እሷን ምን ይሏታል?

በማግሥቱ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ሁሉም ግን በእሺታ አልመጣም። አንዲት ቅቤ ነጋዴ ተነሥተው፣ «የፊተኛው ውሃ ከነበረ የአሁኑ ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አሉ። ጭብጨባም ማጉረምረምም ሆነ። ሊቀመንበሩ ሊያስቀምጣቸው እጁን ሲያነሣ ጋሽ መርዕድ፣ «እውነታቸውን ነው» አሉት። በረዶ የነካውንና ያልነካውን ብልቃጥ ለራሳቸው ለቅቤ ነጋዴዋ ሰጧቸው። «እርስዎ ይናጡት፤ እዚያ መስኮት ላይ ያቁሙትና ሁላችሁም እዩት።»

አዳራሹ ሙሉ ሴት ሁለት ብልቃጥ እያየ ተቀመጠ። አንዱ ከላይ ጥርት ሲል ሌላው ደፍርሶ ሲቆይ ቅቤ ነጋዴዋ ጠጋ ብለው አዩ፣ አንዴ ደግመው ናጡ፣ እንደገና ጠበቁ። ቅቤ ሲገዙም እንዲሁ የሚያደርጉ ይመስለኛል። በመጨረሻ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «የሚታይ ነገር ነው» አሉና ልጃቸውን በክንዷ ይዘው ወደ ጠረጴዛው አመጧት። ልጅቷ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእሷ በፊት ግን ዘሃራ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀምጣለች። «ለሚመጣው» አለችኝ በዝግታ።

ለጀሚላ መርፌው እንደማይደርስላት ጋሽ መርዕድ ያውቁ ነበር፤ ክትባቱ ደም ውስጥ መከላከያ እስኪያስገኝ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ምጥ ሲይዛት እንድንጠራ ተስማማን። የተቀቀለ ምላጭና ክር ይዤ ሄድኩ፤ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ እትብቱን እኔው ቆረጥኩ። ሴት ልጅ ወለደች፤ ደህና ሆነች። ከዚያ በኋላ የተቀቀለ ምላጭ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለን ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር መስጠት ልማዳችን ሆነ። ጋሽ ደምሴም ፍሪጁ ውስጥ ነጩ ክትባት የሚቀመጥበትን መሐለኛ መደርደሪያ በቀይ ቀለም ከበቡት፤ ቴርሞሜትርም አሰሩለት። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሆነውን ራሳቸው ይተርኩለት ነበር፤ የራሳቸውን ድርሻ ሳይዘሉ። ጥፋቱን አሻጥር ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። የሊቀመንበሩ ሚስትም በኋላ ከኛ ዘንድ ተከትባለች።

ዶክተር ሰሎሞን ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ። ጋሽ መርዕድ ጡረታ ሲወጡ ክፍሉን ለእኔ አስረከቡኝ፤ የመርፌ መሳያዋን ድንጋይም ጨምረው። እኔም ነርስ ለመሆን በማታ ተምሬ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው፣ በኋላም ሌሎችን ወደ ማሠልጠን ተሻገርኩ። ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ ጎበዝም ሰነፍም። መርፌው አንዴ ተወግቶበት የሚጣል ሆነ፤ ብልቃጡ ላይ ሙቀት የሚያሳይ ምልክት መጣ። አሁን ደግሞ ያ ወጣት ሐኪም እንደነገረን ክትባቱን ለሕዋሱ አፍ በሚመች መንገድ መሥራት ተጀምሯል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ስለ ላቦራቶሪ ያስባል። እኔ የሚታየኝ በሽታው ገና ያላገኘው ልጅ ነው፤ አነስ ባለ መድኃኒት፣ በአንድ መርፌ፣ እናቱ ሥራዋን ደጋግማ ሳትጥል ሊጠበቅ ነው። ይህን ለማየት መድረሴ ደስ ይለኛል።

ዘሃራ ዓመት አልፎ እንደገና አረገዘች። ክትባቷ እንዳይጓደል እሷው ራሷ አልተወችንም። በወለደች ጊዜ ምላጩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ሴት ናት። ልጅቷ ኑርዬ ጡት እምቢ ባለበት ዕድሜ በደረሰች ቀን ግን ሥራ መጀመር አቃተኝ። ጠዋት ከጤና ጣቢያው በፊት ወደ ቤቷ አመራሁ። ሰይድ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ መዶሻው አጠገቡ ነው፤ አላነሣውም። «እስኪ ግቢ» አለኝ።

ዘሃራ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ልጅቷን አቅፋታለች። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና፣ ትንሽ እጇን ጡቱ ላይ ዘርግታ፣ እየሳበች ትውጣለች። የመዋጧ ድምፅ ይሰማል። አረፍ ትላለች፤ እንደገና ትጀምራለች። ሁለታችንም ያን ድምፅ ስንሰማ ቆየን። ልጅቷ ጠግባ አፏን በሰፊው ከፍታ አዛጋች፤ ያኔ ዘሃራ ዕንቅልፍ እንዳጣች ሰው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች።

ውጭ ሰይድ መቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሲስተር፣ በቃ ሂጂ» አለችኝ ዘሃራ። «ዛሬ ወረፋው እስከ አስፋልቱ ነው ሲል ሰይድ ነግሮኛል። ለእነዚያም ልጆች ድረሺላቸው።»